ፊደሉ ሳይለወጥ ንባቡ ሲለወጥ

የአማርኛ ንባብ የሚማር ልጅ ፊደሉን ሁሉ ለይቶ ካወቀ በኋላ እንኳ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ይኸውም ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ግን የልደት በዓል ይሆናል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል፣ ይኖራል ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ፊደል በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ የተለየው አነባበቡ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ድጓውን ሲጽፉ ከፊደሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ እየተባሉ የሚጠሩትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ያኖራሉ። ምልክቱ የፊደሉን መልክ አይለውጥም፤ ዳሩ ግን ዜማው እንዴት መሄድ እንዳለበት ለመሪጌታው የሚነግረው እርሱ ነው።

የሰው አካልም ከፊደሉ በላይ ምልክት ያለበት መጽሐፍ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በአገራችን በነቀርሳ ስም ሲጠራ የኖረው ካንሰር የተባለው ደዌም አንዳንድ ጊዜ የሚነሣው ፊደሉ ተበላሽቶ ሳይሆን ምልክቱ ያለ ቦታው ተጽፎ እንደ ሆነ ሊቃውንት ካረጋገጡ ቈይተዋል። ይህ ነገር ለምርምር ሰዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ የተቀደደን ቅጠል መመለስና ያለ ቦታው የተጻፈን ምልክት መፋቅ እኩል ሥራ አይደሉምና። ዝም የተባለው ትእዛዝ ካልጠፋ ተመልሶ ሊነበብ ይችላል የሚል ተስፋ ከዚህ ተወለደ። የዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ተስፋ ታሪክ፣ ልኩንም ጭምር፣ ለአንባቢያን ያቀርባል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መጽሐፉን እንመልከት። አካላችን የተሠራው ከብዙ ትሪሊዮን ሕዋሳት ነው። ከቀይ የደም ሕዋስና ከጥቂት ሌሎች በቀር በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል እጅግ ረጅምና ቀጭን ክር ተጠቅልሎ ይገኛል። በዚህ ክር ላይ የተጻፈው ቋንቋ አራት ፊደላት ብቻ አሉት፤ እነርሱም አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን ይባላሉ። አንድ ሙሉ ቅጂ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ በውስጡ ፕሮቲን የሚያሠሩ 20,000 ያህል ትእዛዛት ይገኛሉ። እነዚህን ትእዛዛት ጂን እንላቸዋለን።

ይህን ለተማሪዎች ያስረዳ መምህር ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ጥያቄ አለ። የጉበት ሕዋስም የዐይን ሕዋስም የያዙት መጽሐፍ አንድ ከሆነ፣ ጉበት ለምን ብርሃን አያይም? ዐይንስ ለምን ሐሞት አያመነጭም? መልሱ ሁሉም መጽሐፉን ይይዙታል እንጂ ሁሉም አንድ ገጽ አያነቡም የሚል ነው። ጉበት የራሱን ምዕራፍ ገልጦ ሲያነብ የዐይንን ምዕራፍ ዘግቶ ያስቀምጣል። ጉበት ሲከፋፈልም የሚወለደው ሌላ የጉበት ሕዋስ ነው፤ የትኛው ገጽ እንደሚነበብና የትኛው እንደሚዘጋ የሚያስታውስ ነገር ከእናት ሕዋስ ወደ ልጅ ሕዋስ ይተላለፋል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተን በ1942 ኤፒጄኔቲክስ የሚል ስም ለዕውቀቱ አወጡለት። «ኤፒ» በግሪክ ቋንቋ በላይ ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራው፣ ፊደሉ ሳይነካ ከፊደሉ በላይ ሆኖ የጂንን ንባብ የሚያዝዘውን ሥርዓት የሚያጠናውን ትምህርት ነው።

ከምልክቶቹ መካከል በይበልጥ የተጠናው ሜቲል የሚባለው ነው። አንድ የካርቦን አቶም ሦስት የሃይድሮጅን አቶሞችን ይዞ ሳይቶሲን በተባለው ፊደል ላይ ይለጠፋል፤ በሰው ዘንድ በይበልጥ የሚለጠፈውም ከሳይቶሲን ቀጥሎ ጓኒን በሚገኝበት ቦታ ነው። እንዲህ ያሉት ቦታዎች በአንድ ቅጂ ውስጥ 28 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ምልክቱን ይዘው ይገኛሉ። ዳሩ ግን በብዙ ጂኖች መግቢያ ላይ እነዚህ ሁለት ፊደላት ተደጋግመው የሚገኙባቸው አጫጭር ክፍሎች አሉ፤ ሊቃውንት «ደሴቶች» ይሏቸዋል። በጤናማ ሕዋስ ደሴቶቹ እንደ ደንቡ ከምልክት ነጻ ናቸው። ደሴቱ በሜቲል ሲሸፈን ግን አንባቢው ወደ ጂኑ መግባት ይሳነዋል፤ ጂኑም ዝም ይላል።

ይህ ምልክት ሕዋሱ ሲከፋፈል እንዴት አይጠፋም? በ1975 አርተር ሪግስ በካሊፎርኒያ፣ ሮቢን ሆሊዴይና ጆን ፒው ደግሞ በለንደን፣ ሳይማከሩ አንድ ዐይነት ሐሳብ አቀረቡ። ዲ.ኤን.ኤ. ሲገለበጥ አሮጌው ክር ምልክቱን እንደ ያዘ ይቀራል፤ አንድ ኤንዛይም አሮጌውን እየተመለከተ በአዲሱ ክር ላይ በትክክለኛው ቦታ ምልክቱን ያኖራል አሉ። የድጓ ጸሐፊ ፊደሉን ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ወደ መጀመሪያው ቅጠል ተመልሶ፣ ቀድሞ ከተጻፈው መጽሐፍ እያየ ምልክቱን እንደሚያኖር ያለ ሥራ ነው። ኋላ የተደረገው ምርምር ሐሳባቸው ትክክል መሆኑን አሳየ። አንባቢ ይህን ኤንዛይም ልብ ይበል፤ ወደ በኋላ የታሪኩ ቍልፍ ሆኖ ይገኛልና።

ምልክቱ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማየት ማር የሚወድ ሕዝብ ሁሉ ከሚያውቀው ከንብ ቀፎ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ንግሥቲቱና ሠራተኞቹ ንቦች ከአንድ ዐይነት ዕንቍላል ይወለዳሉ፤ ፊደላቸውም የተለየ አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ምግቡ ነው፤ ንግሥት እንድትሆን የተመረጠችው እጭ ወተት መሳይ የሆነውን የንግሥት ምግብ ጠግባ ታድጋለች፤ ሌሎቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ይከለከላሉ። በ2008 በአውስትራሊያ የካንቤራ ሊቃውንት ሜቲል የሚለጥፈውን አንዱን ኤንዛይም በእጮች ውስጥ እንዲዳከም ቢያደርጉ፣ ከእጮቹ አብዛኞቹ የንግሥትን ምግብ ሳይጠግቡ እንደ ንግሥት ዕንቍላል መያዣቸው የዳበረ ሆነው ወጡ። የሰው አካል ሥርዓት ከንብ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ፊደል ሁለት ዐይነት ኑሮ ሊነበብ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ታሪክ እንለፍ። በ1964 በቼኮስሎቫኪያ የሳይንስ አካዳሚ በፕራግ ከተማ አሎይስ ፒስካላና ፍራንቲሼክ ሾርም የተባሉ ኬሚስቶች አዛሳይቲዲን የሚባል ውሕድ ሠሩ። ውሕዱ ሳይቶሲን ያለበትን የተፈጥሮ ፊደል ይመስላል፤ ልዩነቱ ሜቲል በሚለጠፍበት ቦታ በካርቦን ፋንታ ናይትሮጅን መኖሩ ነው። የታሰበው እንደ ሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ሕዋሱን አታልሎ እንዲገድል ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለደም ካንሰር በሽተኞች በብዛት እየተሰጠ ተሞከረ። ደምን የሚያመነጨውን የአጥንት መቅኔ ስለ ጐዳና ብርቱ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ስላመጣ ግን እንደ ታሰበው ሳይሆን ቀረ። ስሙ ከብዙ ያልተሳኩ መርዞች ጋር ሊረሳ ነበር።

ያዳነው ሌላ ነገር የሚፈልጉ ሰው ያስተዋሉት ነገር ነው። ፒተር ጆንስ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ተወልደው በዛሬዋ ዚምባብዌ ያደጉ፣ ከዚያም በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ያገኙ የሕይወት ኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። ኋላም በሎስ አንጀለስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አዛሳይቲዲንን ከአይጥ ፅንስ በተገኙና በብርጭቆ ሳሕን ላይ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ጨመሩ። ሕዋሳቱ የጡንቻ ዘር አልነበሩም። መርዙ ከሳሕኑ ከተወገደ ጥቂት ቀናትና ሳምንታት በኋላ ግን ያልታሰበ ነገር ታየ፤ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ረጃጅም ክሮች ሆኑ፤ ክሮቹም በማይክሮስኮፕ ሥር ሲኮማተሩና ሲላቀቁ ታዩ። ጡንቻ ሆነዋል ማለት ነው። ይህ በ1977 ታተመ። ቀጥሎም ከዚያው ዐይነት ሕዋስ ስብና ልም ዐጥንት የሚሆኑ መገኘታቸው ተገለጸ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቈም ብለን እናስብ። ለመግደል የተሠራ መርዝ ሕዋሱን አዲስ ሙያ ሲያስይዘው ማየት እንግዳ ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሳሕኑ ተበክሏል ብሎ ሊደፋው ይችል ነበር። ጆንስና ሸርሊ ቴይለር ግን ምክንያቱን ተከታተሉ። በ1980 ባሳተሙት ሥራ ተመሳሳይ ውሕዶችን አንድ በአንድ እየሞከሩ፣ የሕዋሱን ሙያ የሚለውጡት ሜቲል በሚለጠፍበት ቦታ ላይ የተለወጡት ብቻ መሆናቸውንና እነዚሁም የሜቲልን ምልክት ከዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚቀንሱ መሆናቸውን አሳዩ። ኋላ እንደ ታወቀው፣ ውሕዱ ከፊደላቱ መካከል ተመሳስሎ ይገባል፤ ምልክት ሊለጥፍ የመጣው ኤንዛይምም እንደ ወጥመድ ይይዘዋል። ጸሐፊው ስለ ታሰረ ቀጣዩ ቅጂ ምልክት ሳይኖረው ይወጣል፤ ዝም ያለውም ጂን ይነበባል። የጡንቻነት ትእዛዝ ከውጭ አልገባም፤ ቀድሞውኑ በሕዋሱ ውስጥ ተጽፎ ተዘግቶ የኖረ ነበር። በ1987 የሃሮልድ ዋይንትራውብ የምርምር ጓዶች በሲያትል ከተማ በዚህ መንገድ ከነቁት ሕዋሳት ተነሥተው ማዮዲ የተባለውን፣ ብቻውን ሕዋስን ወደ ጡንቻ የሚመራውን ጂን አገኙ።

ይህ ሁሉ ከካንሰር ጋር ምን ያገናኘዋል? ካንሰር በአጭሩ ሕዋስ የማኅበሩን ሕግ ትቶ ያለ ልክ ሲባዛ ነው። በሕዋስ ውስጥ ሁለት ዐይነት ጂኖች አሉ እንበል፤ አንዳንዶቹ «ተባዛ» ይላሉ፤ ሌሎቹ እንደ ዘበኛ «ቁም» ይላሉ፣ ወይም የተበላሸ ፊደል ይጠግናሉ። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ካንሰርን የፊደል ስሕተት ብቻ አድርገው ያዩት ነበር፤ በትምባሆ፣ በጨረር ወይም በአገለባበጥ ስሕተት አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ዘበኛውም ይሞታል። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም አልተሻረም።

ነገር ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። በ1983 አንድሩ ፋይንበርግና በርት ቮግልስታይን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የካንሰርን ሕዋስ ከዚያው ሰው ጤናማ ሕዋስ ጋር አስተያይተው፣ ካንሰሩ ከብዙ ጂኖች ላይ የሜቲል ምልክት ማጣቱን አሳዩ። ዝም ማለት የሚገባው ክፍል ሊናገር ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥፋት ተገኘ። በ1989 ሬቲኖብላስቶማ በተባለው የሕፃናት የዐይን ካንሰር፣ በ1994 በኩላሊት ካንሰር፣ በ1995 በልዩ ልዩ ካንሰሮች፣ የዘበኞቹ ጂኖች ደሴት በሜቲል ተሸፍኖ ተገኘ። ፊደላቸው ደኅና ነው፤ አንድም አልጐደለም። ነገር ግን አፋቸው ተለጕሟል። በዚህ ሥራ የጆንስ ሆፕኪንሱ ስቲቨን ቤይሊንና ጀምስ ኸርማን ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በግልጽ የሚያስረዳው በ1998 የታተመው ነው። በአንጀት ካንሰር ከሚገኙት ሕዋሳት በአንዳንዶቹ የፊደል ስሕተት የሚያርመው ኤም.ኤል.ኤች.1 የተባለው ጂን በሜቲል ተዘግቶ ተገኘ። አራሚው ዝም ስላለ ስሕተቱ በየገጹ ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ የአዛሳይቲዲን የቅርብ ዘመድ የሆነውን መድኃኒት በሳሕን ላይ በሚያድጉት ሕዋሳት ላይ ቢጨምሩ ምልክቱ ተነሣ፤ ጂኑ ተነበበ፤ ሕዋሱም የማረም ችሎታው ተመለሰለት። ይህ ሥራ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የምልክት ጥፋት የፊደልን ጥፋት ሊያስከትል እንደሚችል ያሳያል፤ ሁለተኛም ዝም ያለ ጂን የሞተ ጂን እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ከሳሕን ወደ በሽተኛ አልጋ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነበር። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች የወደቁበት ምክንያት አሁን ታወቀ፤ መድኃኒቱን እንደ መርዝ ቈጥረው ሰውነት የሚችለውን ያህል አብዝተው ይሰጡ ነበር። ለመግደል ከሆነ ብዛት ይጠቅማል። ምልክት ለማስነሣት ግን ሕዋሱ በሕይወት ኖሮ መከፋፈል ይገባዋል፤ ምልክቱ የሚጐድለው ቅጂ በተቀዳ ቍጥር ነውና። ስለዚህ ጥቂት መጠን፣ ረጅም ጊዜና ትዕግሥት የተሻለ ሆነ። በኒው ዮርክ የማውንት ሳይናይ ሐኪም ልዊስ ሲልቨርማንና ባልደረቦቻቸው ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም በተባለው ደዌ ላይ በዚህ መንገድ ሠሩ። ይህ ደዌ ይልቁንም በዕድሜ የገፉትን ሰዎች የሚይዝ ነው፤ የአጥንት መቅኔ የበሰለ የደም ሕዋስ ማውጣት ይሳነዋል፤ በሽተኛው በደም ማነስ ይደክማል፤ ከበሽተኞቹም አንዳንዶቹ ወደ ደም ካንሰር ይሸጋገራሉ።

በግንቦት 2004 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዛሳይቲዲንን ለዚህ ደዌ ፈቀደ። ፕራግ ላይ ከተሠራ 40 ዓመት መሆኑ ነው። ዘመዱ ዴሲታቢንም በ2006 ተፈቀደ። በ2009 ደግሞ ደዌው የከበደባቸው 358 በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። አዛሳይቲዲን የወሰዱት በመካከለኛ ልክ 24 ወር ተኩል ሲኖሩ፣ የተለመደውን ሕክምና ያገኙት 15 ወር ኖሩ። በሁለተኛው ዓመት ፍጻሜ ከቀደሙት መካከል ግማሾቹ በሕይወት ሲገኙ፣ ከሌሎቹ የተገኙት ሩብ ያህል ነበሩ። አሰጣጡም በ28 ቀን አንድ ጊዜ ለሰባት ቀን ከቆዳ ሥር በመርፌ ነው፤ ፍሬው እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዙር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ዘጠኝ ወር ተኩል! አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ ድካም ለዘጠኝ ወር ተኩል ነውን ይል ይሆናል። የልጁን ሠርግ ወይም የልጅ ልጁን ክርስትና የሚጠብቅ ሽማግሌ ግን ቍጥሩን በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል። ቢሆንም ተስፋውን ከልኩ በላይ መንዛት የጸሐፊ ግዴታ አይደለም። መድኃኒቱ ደዌውን ከሥሩ አይነቅለውም። ሲቋረጥ ጸሐፊው ኤንዛይም ይፈታል፤ ምልክቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ደግሞም መድኃኒቱ ዘበኛውን ለይቶ አይቀሰቅስም፤ የሚያገኘውን ሁሉ ያነቃል። በሳንባ፣ በጡትና በአንጀት ካንሰር ላይ ለብቻው የሰጠው ጥቅም እስካሁን በደም ደዌዎች ላይ ከሰጠው ጋር የሚተካከል አይደለም።

ስለዚህ ሊቃውንት ከሌላ መድኃኒት ጋር ማጣመርን መረጡ። ቬኔቶክላክስ ከተባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ፣ ብርቱ ሕክምና ለማይችሉ የደም ካንሰር በሽተኞች ተሰጥቶ በ2020 የታተመው ውጤት፣ መካከለኛውን ዕድሜ ከ9.6 ወር ወደ 14.7 ወር አሳደገው። በ2015 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች አንድ አስደናቂ ነገር ገለጡ። በዲ.ኤን.ኤአችን ውስጥ ከጥንት ቫይረሶች የቀሩ፣ በሜቲል ተዘግተው የሚኖሩ ጽሑፎች አሉ፤ መድኃኒቱ በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ እነርሱንም ሲያነቃቸው፣ ሕዋሱ ቫይረስ የገባበት መስሎት የድንገት ደወል ይደውላል። ይህ ደወል የሰውነትን ወታደሮች ወደ ካንሰሩ ሊጠራ ይችላል ተብሎ ምርምሩ እስከ ዛሬ በመቀጠል ላይ ነው።

ምልክቱን ማስነሣት ቢያዳግት እንኳ ማንበቡ ብቻውን ይጠቅማል። በ2005 በአእምሮ ላይ ለሚወጣው ብርቱ ካንሰር የተደረገ ጥናት፣ ኤም.ጂ.ኤም.ቲ. የተባለው የጥገና ጂን በሜቲል የተዘጋባቸው በሽተኞች ቴሞዞሎማይድ ከተባለው መድኃኒት ይልቅ የሚጠቀሙ መሆናቸውን አሳየ። መድኃኒቱ የካንሰሩን ፊደል ሲያበላሽ የሚጠግን የለምና። በአንድ ቦታ ጕዳት የሆነው ዝምታ በሌላ ቦታ ለሐኪሙ ረዳት ሆነ ማለት ነው። እንደዚሁም በ2014 በአሜሪካ የተፈቀደው የሰገራ ምርመራ፣ ከሚያያቸው ነገሮች መካከል ከአንጀት ካንሰር የሚወድቁ የሜቲል ምልክቶች ይገኛሉ። በ10,000 ያህል ሰዎች ላይ ሲሞከር ከ100 የአንጀት ካንሰሮች 92 ያህሉን ለየ፤ የቀድሞው የሰገራ ደም ምርመራ ግን 74 ያህሉን ነበር የለየው። በአንጻሩ ካንሰር የሌለባቸውን ሰዎች ያለ ምክንያት ማስደንገጡ ከቀድሞው የበዛ ነበር፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የአንጀት መመልከቻው መሣሪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን እንውሰድ? ካንሰር በአንድ ቤት ሲገባ «ከዘሩ ነው» ተብሎ ነገሩ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በዚህም ምክንያት በሽተኛው ሐኪም ቤት ሳይሄድ ይቈያል፤ ልጆቹም በስጋት ይኖራሉ። ከወላጅ በወረደ የፊደል ስሕተት የሚመጣው ካንሰር ከመቶ ከአምስት እስከ ዐሥር ያህል ነው። የቀረው በዕድሜ፣ በኑሮ፣ በሚያጋጥመን ነገርና በአጋጣሚ ስሕተት የሚመጣ ሲሆን፣ የምልክቱ ጥፋትም ከዚሁ ይቈጠራል። በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ትምባሆ በደም ሕዋሳት ላይ የሜቲልን ምልክት በብዙ ቦታ ይለውጣል፤ ማጨስን በተዉት ሰዎች አብዛኛው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ጥቂቱ ግን ከ30 ዓመት በኋላም ታይቷል። እንግዲህ ማቆም ይጠቅማል፤ አለመጀመር ግን ይበልጣል።

በሌላ በኩል ይህን ዕውቀት ይዞ በሽተኛውን «አንተው ነህ ያመጣኸው» ብሎ መውቀስ ጭካኔ ነው። ማንም ሰው በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ጸሐፊ በፈቃዱ አያዝዘውም። ምልክቱም ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በሁላችን ላይ ይለወጣል። እንደዚሁም «ጂንህን የሚያነጻ» እያሉ ቅጠልና እንክብል የሚሸጡትን መጠንቀቅ ይገባል። ከፍተኛ ዕውቀት ያላቸው ሊቃውንት በ40 ዓመት ድካም፣ በሐኪም ጥበቃ ሥር፣ በተመጠነ መርፌ በከፊል ያገኙትን ነገር በገበያ ላይ በጠርሙስ እንሸጣለን ከሚሉ ሰዎች መጠበቅ ሞኝነት ነው።

የጆንስ፣ የቴይለር፣ የቤይሊንና የጓዶቻቸው ሥራ ካንሰርን አላጠፋም። ዳሩ ግን ለሐኪም ሁለተኛ ጥያቄ ሰጠው። ድሮ «ይህን ሕዋስ በምን ልግደለው?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን «ይህ ሕዋስ ያላነበበው ትእዛዝ የቱ ነው? እንዴትስ ላስነብበው?» ብሎ ይጨምራል። ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን ሙሉ መልስ ያገኘው በጥቂት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ በፕራግ እንደ ከሸፈ መርዝ የተቈጠረ ውሕድ ዛሬ በብዙ አገር በሽተኛ ሲያሳድር ያየ ሰው፣ ዝም ያለውን ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩልም።